ሁሉን ነግሮ መጥፋት

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዷ ለረጅም ዘመን ሥነ ልቦና አስተምረው አሁን ጡረታ የወጡ አክስት፣ ሌላዋ አዲስ አበባ ውስጥ ባንክ ቤት የምትሠራ የእህታቸው ልጅ።

ወጣቷ፦ እትዬ፣ ለእናቴ እንዳይነግሩብኝና አንድ ነገር ላማክርዎ። ሜሪላንድ ካለ ሰው ጋር ለጥቂት ወራት በስልክ ስንጨዋወት ቆይተናል። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ግን ልቤ አልወደደውም። ዛሬ ብሎክ ላደርገው ነው።

አክስት፦ ምን ብለሽው?

ወጣቷ፦ ምንም። ከቴሌግራምም ከፌስቡክም አወጣዋለሁ፤ ይገባዋል። አሁን ሰው ሁሉ የሚለያየው እንዲህ ነው።

አክስት፦ አስፈራራሽ እንዴ? ብር ጠየቀሽ? ክፉ ቃል ተናገረሽ?

ወጣቷ፦ ኧረ በጭራሽ! እንደሱ ግልጽ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ገና በተዋወቅን ሰሞን የአባቱን መጠጥ፣ የፈረሰ እጮኝነቱን፣ ያለበትን ዕዳ ሳይቀር ነገረኝ። እኔም አልሰሰትኩም፤ ለእናቴ ያልነገርኳትን ለእሱ ነገርኩት። የሚገርመኝም ይኸው ነው። ያን ሁሉ ያወራሁ ሰው አሁን «በቃኝ» ለማለት አፌ ተሳሰረ።

አክስት፦ ሰው የሚመስለው፣ ግልጽ ሰው ድንገት አይጠፋም፣ የሚጠፋው ድብቅ ሰው ነው። ይህ ከፊል እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 ታራ ኮሊንስና ኦምሪ ጊላት የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎች ከፍቅረኛቸው የሚለያዩባቸውን መንገዶች ሲያጠኑ፣ ከሰው ጋር መቀራረብ የሚከብዳቸው ፊት ለፊት መናገርን ትተው ዙሪያ ጥምጥም መሄድ እንደሚቀናቸው አግኝተዋል። ድብቅ የምንለው ሰው እንግዲህ እሱ ነው። ያንቺ ነገር ግን ሌላ ነው። ሆዱን በአንድ ትንፋሽ የዘረገፈ ሰውም ይጠፋል፤ አንዳንዴ እንዲያውም የሚጠፋው በመናገሩ ነው።

ወጣቷ፦ በመናገሩ?

አክስት፦ የሆድሽን የነገርሽው ሌሊት ምን ተሰማሽ?

ወጣቷ፦ ቀለለኝ። አለቀስኩ፤ ግን ቀለለኝ።

አክስት፦ በማግስቱስ?

ወጣቷ፦ በማግስቱ ስልኬን ለመክፈት ፈራሁ። ሌሊት የጻፍኩለትን መልሼ ሳነበው ፊቴ ነደደ። ላጠፋው አሰብኩ፤ ግን አንብቦታል፣ ሁለቱ ምልክቶች ይታያሉ። የመለሰልኝም መልካም ቃል ነበር፤ እኔ ግን እሱን ማየት ራሱ ከበደኝ። ከዚያ ወዲህ ሲደውል እያየሁ አላነሳም። ሲጠይቀኝ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እላለሁ።

አክስት፦ ብዙ ሰው መሸሽ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በጀርመን የማንሃይም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አና ብሩክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት አለ። ሰው የራሱን ድክመት ሲገልጥ እንደ ውርደት ይቆጥረዋል፤ ያንኑ ድክመት ሌላ ሰው ሲገልጥ ሲያይ ግን «ደፋር ነው» ይላል። ንቆኛል ብለሽ ተሸማቀቅሽ፤ እሱ ዘንድ ግን ምናልባት ከበፊቱ ይልቅ ተከብረሽ ይሆናል። የፈረድሽው አንቺው ራስሽ ነሽ፤ የምትሸሺው ግን እሱን ነው።

ወጣቷ፦ ታዲያ ዝም ማለት ነበረብኝ?

አክስት፦ መናገርሽን አልነቅፍም። ናንሲ ኮሊንስና ሊን ሚለር እ.ኤ.አ. በ1994 በርካታ ጥናቶችን አሰባስበው መርምረዋል፤ ስለ ራሱ የሚናገር ሰው እንደሚወደድ፣ እኛም ራሳችን የሆዳችንን የነገርነውን ሰው ይበልጥ እንደምንወደው ታይቷል። እኔን የሚያሰጋኝ ጥድፊያው ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ? ኢርዊን ኦልትማንና ዳልማስ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት መጽሐፍ የሰው መቀራረብ ቀስ በቀስ፣ ከላይ ከላዩ ተነስቶ ወደ ውስጥ እንደሚዘልቅ ጽፈዋል። ትንሽ ነገር ትነግሪዋለሽ፤ ምን እንዳደረገው ታያለሽ። አልሳቀብሽም? ለሰው አላወራውም? እንግዲያው ሌላ ትጨምሪለታለሽ። እናንተ በዚህ ፈተና ሳታልፉ ነው መጨረሻው ላይ የተገኛችሁት። ስለዚህ አንዳችሁ የሌላችሁን ምስጢር ይዛችኋል፤ መተማመኑ ግን ገና አልመጣም።

ወጣቷ፦ እኔ ግን የተማመንን መስሎኝ ነበር። እሱ ሲነግረኝ እኔ ብደብቀው ነውር መሰለኝ።

አክስት፦ ያንን ዚክ ሩቢን የሚባል አሜሪካዊ በቦስተን አውሮፕላን ማረፊያ አይቶታል፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። በረራ ወደሚጠብቁ መንገደኞች አንድ አጥኚ ይቀርብና «የእጅ ጽሑፍ እየሰበሰብን ነው፣ እባክዎ ስለ ራስዎ ጥቂት ይጻፉልን» ይላል። አስቀድሞ ግን እሱ ስለ ራሱ የጻፈውን ያሳያቸዋል። ላይ ላዩን ሲጽፍ እነሱም ላይ ላዩን ይጽፋሉ፤ የግሉን ሲጽፍ እነሱም የግላቸውን። አውሮፕላን ውስጥ ከገቡ በኋላ ዳግም ለማያዩት ሰው ነው ይህን የሚጽፉት! በአንጻሩ አጥኚው እዚያው ፊታቸው፣ ለእነሱ ብሎ፣ ገመናውን ሲያበዛባቸው ሰዎቹ ቆጠብ ይላሉ። የሰው ልብ ልኩን ያውቃል፤ አንዳንዴ ግን የምንሰማው ዘግይተን ነው።

ወጣቷ፦ ዳግም ለማያዩት ሰው መናገራቸው ይገርማል።

አክስት፦ ዋናው ነገር እኮ እሱ ላይ ነው። ጀርመናዊው ጌኦርግ ዚመል ገና እ.ኤ.አ. በ1908 ሰው ለቅርብ ዘመዱ የማይነግረውን ለመጻተኛ እንደሚነግር ጽፏል። ደሴ ስትሄጂ አውቶቡስ ውስጥ አጠገብሽ የተቀመጠችው ሴት ስለ ባሏ የምትነግርሽን ለእህቷ አትነግራትም። ለምን ይመስልሻል? ስትወርጂ ስለምትለያዩ። ነገ ገበያ አትገናኙም፣ ለቅሶ ላይ አትተያዩም። አፏን የፈታላት መለያየታችሁ ነው። እናንተም ሌሊት ሌሊት ያን ሁሉ የተናገራችሁት በፈለጋችሁ ሰዓት ስልኩን መዝጋት እንደምትችሉ ስለምታውቁ ነው። መናገርን ቀላል ያደረገላችሁ ነገር መጥፋትንም ቀላል አደረገላችሁ። ሰው «ያን ያህል ተነጋግረን እንዴት ጠፋ?» ብሎ ሲያለቅስ የማይታየው ይህ ነው፤ ግልጽነቱም መጥፋቱም ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው።

ወጣቷ፦ እውነት ነው መሰለኝ። እሱ ከሥራ ሲወጣ እዚህ ሌሊት ሰባት ሰዓት ነው። መብራት አጥፍቼ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው የማወራው። ፊቴን ቢያይ ኖሮ ግማሹን አልናገርም ነበር።

አክስት፦ ጆሴፍ ዋልተር የሚባል የተግባቦት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1996 ስለዚህ ጽፏል። ከሩቅ የሚጻጻፉ ሰዎች አንዳንዴ በአካል ከሚገናኙት በላይ ይቀራረባሉ፤ የጎደለውን ሁሉ እያንዳንዱ በራሱ ምናብ አሳምሮ ይሞላዋላ! አዲስ አበባና ዋሽንግተን፣ ደብረ ብርሃንና ጅዳ እየተደዋወሉ የሚተጫጩ ልጆቻችን በሙሉ በዚህ መንገድ ነው የሚያልፉት። በዚህም ተጋብተው ጥሩ ኑሮ የያዙ አውቃለሁ፤ በስልክ የተጀመረ ሁሉ ይፈርሳል አልልሽም። አሁን ግን ልጠይቅሽ። ከእሱ ምኑ ነው ያልተስማማሽ?

ወጣቷ፦ ስለ ራሱ ብቻ ያወራል። እንዴት ዋልሽ አይለኝም። አንድ ቀን ሒሳብ ስዘጋ ብር ጎድሎብኝ፣ ከደሞዜ ሊቆረጥ ነው ብዬ እያለቀስኩ ደወልኩለት። «አይዞሽ» አለና ስለ ወንድሙ ቀጠለ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አክስት፦ ይህን ነግረሽዋል?

ወጣቷ፦ እንዴት ብዬ? ይከፋዋል።

አክስት፦ አየሽ፣ የልጅነትሽን ቁስል የነገርሽውን ሰው «ዛሬ አልሰማኸኝም» ማለት አቃተሽ። ያለፈ ታሪክን መናገርና ዛሬ ከፊትሽ ላለው ሰው ስለ እሱና ስለ አንቺ እውነቱን መናገር ለየቅል ናቸው። የልጅነትሽን ታሪክ ስታወሪ ከእሱ የሚፈለገው ማዘን ብቻ ነው። «አልሰማኸኝም» ስትይው ግን ሊቆጣ ይችላል፣ ሊያኮርፍ ይችላል፣ ሊሄድም ይችላል። የሚያስፈራው ግልጽነት ይኼኛው ነው። ሰው ገመናውን ሲዘረግፍ ደፋር ይመስለናል፤ እኔ ግን ሰውን የምመዝነው በዚህኛው ነው። ደግሞም ትንሿን «ይህ አልተመቸኝም» ያልተለማመደ አፍ ትልቋን «አልፈልግህም» ከየት ያመጣታል?

ወጣቷ፦ ይሉኝታ ነው እትዬ። ሰው ማስቀየም አልወድም።

አክስት፦ ይሉኝታማ ጥሩ ነው፤ ግን የማንን ስሜት ነው የጠበቀው? ሌስሊ ባክስተር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመችው ጥናት፣ ሰው ከግንኙነት መውጣት ሲፈልግ ስለ ራሱ የሚናገረውን እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይታለች። አንቺም ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልሽ ዕለት ጀምረሻል። ዛሬ ብሎክ ስታደርጊው የሚያልቅ ነው እንጂ የሚጀመር ነገር የለም። እሱ ግን መጀመሩን አልሰማም፤ ዛሬም ስለ ወንድሙ ሊነግርሽ ይደውላል።

ወጣቷ፦ ይረሳኛል። ደግሞ የተጻፈልኝ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይከብደኝም ነበር። ዕድል ክፍሌ አይደለም።

አክስት፦ እንዲህ ያለው አስተሳሰብም ተጠንቷል። ጊሊ ፍሪድማንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ ፍቅር የዕጣ ነገር ነው ብለው አጥብቀው የሚያምኑ ሰዎች ያለ ቃል መጥፋትን ነውር አድርገው የማየት ዝንባሌያቸው ያነሰ ነው። ዕጣዬ ካልሆነ ምን ላስረዳ ይላሉ። ዕጣሽ ባይሆንም ሰው ነው እኮ፣ ልጄ። የሥራ ባልደረባሽ አንድ ሰው ጠፋባት ብለሽ አልነገርሽኝም ነበር?

ወጣቷ፦ አዎ። ከቴሌግራም ፎቶው ጠፋ፤ ከስሙ ሥር «የታየው ከረጅም ጊዜ በፊት ነው» ይላል። የላከችው ሁሉ አንድ ምልክት ብቻ ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ የታመመ መሰላት። ከዚያ የሞተ መሰላትና የእህቱን ፌስቡክ ከፍታ የሐዘን መልእክት ትፈልግ ጀመር። መጨረሻ ላይ በእኔ ስልክ ደወለች። «ሃሎ» አለ። ድምፁን ሰማችና ዘጋች። ከዚያ በኋላ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ከነገርኩት የትኛው ነው ያባረረው?» ትለኛለች። የቀድሞ ባሏ ይመታት እንደነበር ነግራው ነበርና እሱ ይሆናል ትላለች።

አክስት፦ እንግዲህ ጉዳቱ እዚያ ላይ ነው። ፖሊን ቦስ የተባለች ምሁር በቬትናም ጦርነት የደረሱበት የጠፋ ወታደሮችን ቤተሰቦች ስታጠና፣ ሞቷል ተብሎ ያልተለቀሰለት፣ አለ ተብሎም ያልተጠበቀ ሰው የሚያስከትለውን ሐዘን ለይታ ጽፋለች። እኛም በ2013 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ጦርነቱ ሲጀመር ስልክ ተቋርጦ፣ ቤተሰብ ከቤተሰቡ ወሬ ሳይሰማ ስንት ጊዜ እንደቆየ እናውቃለን። ያን ሰቀቀን ከፍቅረኛ መጥፋት ጋር አላስተካክለውም፤ ግን ሰው መልስ ሲያጣ ልቡ ምን እንደሚያደርግ ከዚያ ይታያል። መልሱን ራሱ ይፈጥራል። የሚፈጥረውም ራሱ ከነገረው ምስጢር ነው። ምንም ያልነገረሽ ሰው ብትጠፊበት «አመሏ ነው» ብሎ ይተወዋል። ሆዱን የከፈተልሽ ሰው ግን የከፈተውን ሆድ ይጠረጥራል፤ አባቱን፣ ዕዳውን፣ እጮኝነቱን አንድ በአንድ እያነሳ «ይኼ ይሆን?» ይላል። ከዚያ በኋላ ለምትመጣው ሴት ምን ይነግራታል? ምንም። ባልደረባሽም ለሚቀጥለው ሰው ስለ ዱላው የምትነግረው አይመስለኝም። መንገር የነበረባት ግን ያንኑ ነበር።

ወጣቷ፦ እንዲህ አድርጌ አስቤው አላውቅም።

አክስት፦ ለዚህ ነው የሰው ገመና የያዘ ሰው ባለ አደራ ነው የምልሽ። ዘንድሮ ሰው «ለማንም ማብራሪያ አልገባም» ይላል። ምንም ላልነገረሽ ሰው እሺ ይሁን። የሆዱን ለነገረሽ ሰው ግን ቢያንስ መሄድሽን የመንገር ዕዳ አለብሽ።

ወጣቷ፦ ሁልጊዜ?

አክስት፦ ሁልጊዜማ አይደለም! የሚመታ፣ የሚያስፈራራ፣ በር ላይ የሚጠብቅ፣ ፎቶሽን እበትናለሁ የሚል ሰው ከሆነ አንዲት ቃል አትተንፍሺለት፤ ዝጊው፣ ለቤተሰብ ንገሪ፣ ፖሊስ ዘንድ ሂጂ። እሱ አደራውን ራሱ በልቶታል። ሌላም ልጨምርልሽ፤ የጠፋ ሰው ሁሉ ጥሎን የሄደ አይደለም። ቤሩትና ጅዳ ሰው ቤት ከሚሠሩት ልጆቻችን ስልካቸውን አሠሪ የሚነጥቃቸው አሉ። ከመኮነን በፊት ማጣራት ይገባል።

ወጣቷ፦ በእናንተ ጊዜ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም አይደል?

አክስት፦ የሚጠፋ ሰውማ ነበር። ግን እናቱን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ታገኛታለሽ፣ አጎቱ ከአባትሽ ጋር ዕድር ይገባል፤ መጨረሻው ይሰማል። የተኳረፈም ቢሆን ለፋሲካ ያስታርቁታል። ቢሆንም ያንን ጊዜ አልናፍቀውም። ሴት ልጅ «አልፈልገውም» ስትል ማን ይሰማት ነበር? ሽማግሌ እየተላከ፣ እናት እያለቀሰች፣ ስንቷ ሳትወድ ተዳረች። ዛሬ አንቺ በገዛ አፍሽ «አልፈልግም» ማለት ትችያለሽ። ሌሎች ተከልክለው የኖሩትን ቃል ይዘሽ ሳትናገሪው መቅረትሽ ነው የሚያሳዝነኝ።

ወጣቷ፦ ብናገር ደግሞ «ለምን?» ይለኛል። ይለምነኛል። ከእሱ ጋር ሌሊቱን ሙሉ ልከራከር ነው?

አክስት፦ አትከራከሪ። ምክንያት መዘርዘርም አይጠበቅብሽም። በይ ጻፊ፣ እኔ ልይልሽ።

ወጣቷ፦ «ሰላም ነህ? ሰሞኑን ሥራ በጣም ስለበዛብኝና ለራሴ ጊዜ ስለሚያስፈልገኝ…»

አክስት፦ አጥፊው። ሥራው ሲቀልልሽ እንድትመጪ ይጠብቅሻል። እውነቱን ጻፊ።

ወጣቷ፦ «ስላጫወትከኝና ስላመንከኝ አመሰግንሃለሁ። አስቤበት፣ በፍቅር መቀጠል እንደማልፈልግ አውቄያለሁ።» ከዚህ በኋላ ምን ልበል?

አክስት፦ የነገረሽን አንሺ። ሌላው ቢረሳሽ እሱን እንዳትረሺ።

ወጣቷ፦ «ይህን የወሰንኩት ከነገርከኝ በአንዱም ምክንያት አይደለም። የነገርከኝ ሁሉ ከእኔ አይወጣም፤ እኔም የነገርኩህ ካንተ እንዳይወጣ አደራ። ከዚህ በኋላ ግን ስልክ አላነሳም።» በጣም አጭር አልሆነም?

አክስት፦ በቂ ነው። ሲደርሰው «ለምን?» ብሎ ቢጽፍ አንድ ጊዜ «ውሳኔዬ ነው» በይው። ከዚያ በኋላ ብሎክ ብታደርጊው አልወቅስሽም፤ ነግረሽዋላ።

ወጣቷ፦ ማታ ሲደውል ልላክለት?

አክስት፦ የለም፣ አሁን ላኪው። እሱ ያለበት አሁን ጠዋት ነው፤ ቀኑን ከሰው ጋር ይዋልበት፣ ሌሊት ብቻውን ሆኖ እንዳያነበው።